ለእጅ የሚበቃ ስልክ

ሰኞ 3

ልጄ ሕግ እንድታጠና ተቀበሏት። ደብዳቤውን እሷ ሦስት ጊዜ አነበበችው፣ እናቷ ሁለት ጊዜ። እኔ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልናገርም። ወረቀቱ ከመታጠፊያው ሊለቅ ሲል እናቷ ከእጄ ቀማችኝ።

ይህ አዲስ ደብተር ስለሆነ እንደ ልማዴ በመጀመሪያው ገጽ ማን እንደሆንን ልጻፍ። እኔ ጆሮዬ አይሰማም፤ የሚስቴም እንደዚሁ። ልጃችን ብቻ ትሰማለች። ቤታችን ውስጥ የሚወራው በእጅ ነው። ስለዚህ ስለ ቤታችን ሰዎች «አለች»፣ «አልኩ» ብዬ ስጽፍ በእጅ ማለቴ ነው። ስማችንም የእጅ ስም ነው። የልጄ ስም ጣትን ጉንጭ ላይ አድርጎ አንዴ ማዞር ነው፤ ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳልና። በጽሑፍ ስርጉዴ እላታለሁ። ሚስቴ መጋረጃ ትሰፋለች፤ ስትሰፋ መርፌውን በከንፈሯ ስለምትይዝ ስሟ መርፌ ነው። እኔ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ክፍል ኃላፊ ነኝ። ስድስት ሰው በሥሬ አለ። ክፍሉ ከጩኸቱ የተነሳ ማንም ማንንም አይሰማበትም። ከሰባታችን ያልተቸገርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። ስድስት ሳምንት ቀርቷል።

በመጀመሪያ ግን ስልክ። ያሉን ስልኮች ትንንሽ ናቸው። በቪዲዮ ስንደዋወል ፊት ሲገባ እጅ ይወጣል፣ እጅ ሲገባ ፊት ይወጣል። ለሚሰማ ሰው ድምፅ ብቻ ይበቃዋል። እኛ ከእምብርት እስከ ግንባር መተያየት አለብን። ትልቅ ስልክ እስኪገዛ የመሄዱ ነገር አልተቆረጠም አልኩ። ስርጉዴ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም።

ቅዳሜ 8

ከስርጉዴ ጋር ስልክ ቤት ሄድን። ሱቁ ዙሪያውን መስታወት ነው፤ ስልኮቹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው እያንዳንዳቸው በቀጭን ገመድ ታስረዋል። የምትሸጠው ልጅ ማስቲካ ታኝካለች። ማስቲካ የሚያኝክ ሰው ከንፈር ማንበብ፣ በሚሮጥ መኪና ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ እንደማንበብ ነው። ወዲያው ስሟን ማስቲካ አልናት።

ማስቲካ እኔን አላየችኝም። የምትጠይቀው ስርጉዴን ነው፤ ምን ዓይነት እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው በያቸው። ልጄ ይህን ከስድስት ዓመቷ ጀምራ ለምዳዋለች። በባንክ መስኮት፣ በሐኪም ቤት፣ በመብራት ክፍያ ሰልፍ ላይ ስንሠራው የኖርነው ሥራ ነው።

ሁለት ስልክ ለየን። ጥቁሩ ሰፊ ነው፣ እንደ ትንሽ መክተፊያ። ሰማያዊው ረዘም ጠበብ ያለ። ስርጉዴ አስፈቅዳ በየተራ ከገመዳቸው አስፈትታ ሰጠችኝና ወደ ሱቁ ሌላ ጥግ ሄዳ በራሷ ስልክ ደወለችልኝ። ሰዉ ዕቃ መምረጡን ትቶ እኛን ያይ ጀመር። ይየን። እዚያ ከነበሩት ሁሉ በሁለት ቋንቋ አፍ የምታስከፍተው የኔ ልጅ ብቻ ነበረች።

በጥቁሩ ፊቷም እጇም ሙሉ ይታያል፤ ግን ፈጠን ስትል ጣቶቿ ይደበዝዛሉ፣ አምስቱ ሰባት ይመስላሉ። በሰማያዊው ጣቶቿ ጥርት ይላሉ፤ ግን ክርኗ ከውጭ ይቀራል። ሁለቱም አይሆኑም አልኩ። ስርጉዴ በጥቁሩ ሁሉ ነገር እንደሚታያት ነገረችኝ። እኔ አይታየኝም አልኳት።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። ዕቃ የሚያውቅ ሰው አይቸኩልም።

ረቡዕ 12

የምሳ ሰዓት። ቸኩያለሁ። የመላጊያ ማሽኑ ታሟል። ከጫማዬ ሥር ተሰማኝ፤ ቀጭን መንቀጥቀጥ፣ ቆም፣ እንደገና። ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት። (ስሙ ቀበቶ ነው፤ በየሦስት ቃሉ መሃል ሱሪውን ወደ ላይ ይስባል።) ምንም አይሰማኝም አለ። በጆሮው እየፈለገ እንዴት ይሰማው። ሰሌዳ ላይ ጻፍኩለት፦ ይቁም። እምቢ አለ። ማጥፊያውን ራሴ ጫንኩት።

ማታ። ተከፈተ። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተሰንጥቋል። ግማሽ ቀን ቢሠራ ኖሮ ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳ ነበር። ቀበቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ስድስቱም አይተዋል። እያንዳንዳቸውን ተራ በተራ አየኋቸው።

ሌላም ነገር አለ። ማሽኑ ከመቆሙ በፊት ሁለቱ ወጣት ሠራተኞች እየተጯጯሁ ያወሩ ነበር። የሚጮህ ሰው ከንፈሩን በደንብ ስለሚከፍት ከሩቅ ይነበባል። ልጅቱ ከሄደች በስብሰባ ማን ያስተረጉምለታል፣ ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው መስጠታቸው አይቀርም ይባባላሉ። የወሩ መጨረሻ ሐሙስ ሁሌ የክፍል ኃላፊዎችና የሠራተኞች ስብሰባ አለ። ስርጉዴ ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምራ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እየመጣች አጠገቤ ተቀምጣ ታስተረጉማለች።

ወሬውን ትተው እንጨቱን እንዲያነሱ በእጄ አመለከትኳቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላሰብኩትም። መርፌ እራት ላይ ምን ሆነሃል አለችኝ። ምንም አልኳት።

ቅዳሜ 15

ዛሬ ሦስታችንም ሄድን። ማስቲካ አወቀችን፤ ገመዱን ሳንጠይቃት ፈታች። ሦስተኛ ስልክም አሳየችን፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ። መርፌ ወደደችው። ዋጋውን አየችና መልሳ አጠፈችው።

መርፌ ጥቁሩን ይዛ ጥግ ቆመች፣ ስርጉዴ ሌላ ጥግ። ስለ እኔ እያወሩ ይሳሳቁ ነበር፤ በመሃል ሆኜ ሁለቱንም ማየት እንደምችል ረስተዋል። ይሄን እንውሰድ አለች መርፌ። ጀርባው ያንሸራትታል አልኩ። ልባስ ይገዛለታል አለች። ሲቆይ ይሞቃል አልኩ። ካሜራው ጥግ ላይ ስለሆነ ሰውን በጎን የሚያይ ይመስላል አልኩ። መርፌ ስልኩን አስቀምጣ ሁለት እጇን ነጻ አደረገች።

«ስልክ ነው ወይስ አማች የምትመርጠው?»

ስርጉዴ ሳቀች፣ ማስቲካም ሳይገባት ሳቀች። ሳንገዛ ወጣን። መንገድ ላይ መርፌ ክንዴን ይዛ አስቆመችኝና ፊቴን አየችው። «አውቄሃለሁ» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ምኔን እንዳወቀችው እኔ አላውቅም። ጥራት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ማክሰኞ 18

ዝናብ። ስርጉዴ መምጣቷን የምታረጋግጥበት ቅጽ እስከ ወሩ መጨረሻ መላክ አለበት። ጠረጴዛው ላይ ነው። አልተሞላም። የእናቷ መጋረጃ ተደርቦበታል። አላነሳሁትም። በሰው ወረቀት አልገባም።

ዓርብ 21

ከሥራ ስመለስ ስርጉዴ በረንዳ ላይ ቆማ በስልክ ታወራ ነበር። በመካከላችን የበሩ መስታወት ነበር። የሰው ወሬ መስረቅ ልማዴ አይደለም፤ ዓይኔ ግን እንደ ሰው ጆሮ በራሱ ክፍት ነው። ዘንድሮ እቀራለሁ ነው ያለችው። ለከርሞ እንዲያቆዩልኝ እጠይቃለሁ። ጥያቸው ብሄድ ማን ያወራላቸዋል።

ምናልባት አልገባኝም። ከንፈር ብዙ ጊዜ ያታልላል። ስለ ሌላ ሰው ይሆናል የምታወራው።

ደስ አለኝ።

ከላይ ያለውን ቃል ለመሰረዝ እስክሪብቶዬን አነሳሁ፤ ግን ብሰርዘውም ከሥሩ ይነበባል። ደስ አለኝ። ጫማዬን አውልቄ እስክጨርስ ድረስ ብቻ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በልጄ መቅረት።

እሑድ 23

ዛሬ ምንም ሥራ አልሠራሁም። እነሱ ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል፤ ሙሉ ከሰዓት ከደብተሩ ጋር ተቀመጥኩ።

ስርጉዴ ስድስት ዓመቷ ነበር። ባንክ ቤት ሄድን። አገጯ መስኮቱ ጋ ስለማይደርስ አቅፌ አነሳኋት። ሰውየው አባትሽ መፈረም ይችላል ወይ ብሎ ሲጠይቃት ከንፈሩን አነበብኩት። ልጄ አባቴ ካንተ የተሻለ ይጽፋል አለችው። ወደ እኔ ዞራ ግን በእጇ ያለችኝ «ፈርም» ብቻ ነው። የሰውየውን ጥያቄ ለራሷ አስቀረችው። በዚያች ደቂቃ የነበረኝን ኩራት በሚዛን ብታስቀምጡት ሚዛኑ ይሰበር ነበር። ያን ታሪክ በየቤቱ አውርቼዋለሁ።

ሌላም ቀን አለ፣ ለማንም ያላወራሁት። ስምንት ዓመቷ ነበር። መርፌ አርግዛ ነበር፤ ታመመችና ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሌላ አስተርጓሚ አልነበረም። ሐኪሙ አጎንብሶ ለልጅቷ ነገራት። ስርጉዴ ወደ እኛ ዞራ፣ ወንድሟ እንደማይተርፍ በእጇ ነገረችን።  አንድ ምልክት እንኳ አልሳተችም። እኔ ያን ቀን፣ በዚያ ሁሉ መሃል፣ ኮራሁባት። እንዴት ያለች ጎበዝ ናት አልኩ። ጎበዝ ናት ብዬ ወደ ቤት ወሰድኳት እንጂ አቅፌ ከዚያ ክፍል አላወጣኋትም።

አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አፌ ሆናለች። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ የስልክ እንከን ስለቅም ከረምኩ።

ጥቁሩ ላይ ጣት ይደበዝዛል ያልኩት እውነት ነው። ትንሽ ይደበዝዛል።

ማክሰኞ 25

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ብቻዬን ሄድኩ።

ማስቲካ ስታየኝ ከኋላዬ ልጄን ፈለገች። በሩን አየች፣ መንገዱን አየች። ከዚያ ግራ ገብቷት ቆመች። ጥቁሩን ስልክ አነሳሁና ማስታወሻ መጻፊያውን ከፍቼ ፊደሉን እስከሚችለው ድረስ አሳደግኩት። «ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እባክሽ ማስቲካውን አውጪልኝ፤ ከንፈርሽን ላነብ ነው» ብዬ አሳየኋት።

ፊቷ ቀላ። አውጥታ በወረቀት ጠቀለለችው። ከንፈሯ ለካ በጣም የሚነበብ ነው። ስልኩን ተቀብላኝ እሷም ጻፈች፤ ይቅርታ አባቴ፣ ማንበብ የሚችሉ አልመሰለኝም ነበር አለች። አንድ ፊደል ስታለች። አርሜ መለስኩላት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ሌላ ፈተና መጣልኝ። ቀድሞ ያላሰብኩት። ሁለቱም ስልክ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ይዛልኝ እንድትቆም አደረግኳትና አምስት እርምጃ ራቅሁ። የስብሰባ ጠረጴዛችን ያን ያህል ነው። የጥቁሩ ይነበባል። የሰማያዊውን ለማንበብ ሁለት እርምጃ መቅረብ ነበረብኝ።

በመጨረሻ በጥቁሩ ለመርፌ በቪዲዮ ደወልኩ። ስልኳን የክር ሣጥን ላይ አስደግፋ፣ ሥራዬን አስፈታኸኝ፣ ደግሞ እዚያ ሄድክ፣ ሰው ምን ይልሃል፣ ዛሬም ሳትገዛ ብትወጣ በር ላይ እንዳላይህ ብላ እንደ መትረየስ ለቀቀችብኝ። ከማንም በላይ ፈጣን እጅ ያላት እሷ ናት። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ባለፈው የሱቁ መብራት ደካማ ነበር መሰለኝ።

ገዛሁት። ሰውም አላወራልኝ፣ ሰውም አልቆመልኝ። ማስቲካ በር ድረስ ሸኘችኝ።

ስርጉዴ ስታየው ዘላ አቀፈችኝ። ከዚያ ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ምንም አለችኝ። በዚህ ቤት «ምንም» በዝቷል።

ረቡዕ 26

ለስርጉዴ ነገ ስብሰባ እንዳትመጣ ነገርኳት። ማን ሊያስተረጉምልህ ነው አለች። ማንም አልኳት። መርፌ ከስፌቷ ቀና ብላ አየችኝ። ማታ ሸሚዜን ተኩሳ አስቀመጠችልኝ።

ሐሙስ 27

ተሰበሰብን። ቀበቶ በሩን በሩን ያያል። ስልኩን መሃል ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። እንዲህ የሚል ጽፌበት ነበር፦ «ልጄ አትመጣም። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይናገር፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ። ያልገባኝን እዚህ ላይ ይጽፍልኛል።»

ሁሉም አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲያው ረሱት። ቀበቶ ወረቀቱን እያየ አወራ። ሁለት ሰው ከዚህ፣ አንድ ከዚያ። የቀበቶን ጢም ሳሳድድ የሌላው አመለጠኝ። በመሃል ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን እንዳሳቃቸው አላወቅሁም። እንዲህ ዓይነት ሳቅ ልጄ አጠገቤ መቀመጥ ከጀመረች ወዲህ የተውኩት መስሎኝ ነበር። ላቤ ሸሚዜ ውስጥ ወረደ።

የስርጉዴ ወንበር ባዶ ነበር። አየሁት። ከዚያ ተነሳሁና ስልኩን አንስቼ ያሳቃችሁን ጻፉልኝ ብዬ ዞርኩ።  ያቺን ነገር በማሽኑ ጩኸት መሃል ካወሩት ሁለት ወጣቶች አንዱ እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። ቀስ ብሎ ጻፈ። ማሽን ሲታመም መካኒክ ከመጥራት የጋሼን ጫማ መዋስ ይሻላል ተብሎ ነው የተሳቀው። ቀልዱ ስለ እኔ ነበር። ደግሞ ጥሩ ቀልድ ነው። ሁለተኛ ሳቅሁ፣ አሁን የራሴን ሳቅ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መጻፍ ያለበት ሰው ብዙ አይቀባጥርም፤ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ስብሰባ በአንድ ሰዓት አለቀ። ማሽኖቹ በየሁለት ሳምንቱ ቆመው እንዲፈተሹ ጠየቅሁ። ቀበቶ ሱሪውን ሳበና እሺ ብሎ ጻፈ። ይህ ሰው በስንት ስብሰባ የሰጠው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ቀረ። ሲወጣ ወደ እኔ ዞሮ በደንብ አፉን ከፍቶ፣ የሚቀጥለውንም አንተ ምራው አለኝ።

ቤት ስደርስ መጋረጃውን ከጠረጴዛው አነሳሁ። ቅጹን ስርጉዴ ፊት አስቀመጥኩ፤ እስክሪብቶዬንም። ስብሰባውን ነገርኳት፣ የሳቄን ነገር ሳልደብቅ። በረንዳ ላይ ያለችውንም እንዳየሁባት ነገርኳት። ዓይኗን አዞረች። በእጅ ለሚያወራ ሰው ዓይን ማዞር በር መዝጋት ነው። እስክትመልሰው ጠበቅሁ።

«አባዬ፣ አንድ ዓመት ብቻ ነው» አለች። «እስክትለምዱ።»

«እኔ ደስ ብሎኝ ነበር» አልኳት። «እንደምትቀሪ ሳውቅ። ይሄንን ከእኔ ስሚው።»

ይህን አልጠበቀችም። እጇ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ አፌ ነበርሽ። እኔ ስኮራብሽ ደከመሽ ወይ አላልኩሽም፣ አይበቃሽም ወይ አላልኩሽም። አሁን ይበቃሻል። አፍሽን ለራስሽ ውሰጂው።»

 ከዚያ ሐኪም ቤቱን ታስታውሳለህ ወይ አለችኝ። አስታውሳለሁ አልኳት። ሌላ አልጨመርንም። መርፌ ከኋላዋ መጥታ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ስርጉዴ ቅጹን ሞልታ ስትጨርስ ፈረመች። ፊርማዋ የእኔን ይመስላል። ከዚህ በፊት ልብ አላልኩትም ነበር።

ቅዳሜ 29

ተላከ። መርፌ እየሰፋች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትሰፋለች፤ አዲስ የአልጋ ልብስ ነው። ተይ ብላት መርፌዋን እንደያዘች ልትወጋኝ መጣች።

ሐሙስ 11

ሻንጣ። ጫማ አይገባም። ስልኩን የሚያቆም እግር ከጠንካራ እንጨት ሠራሁለት፤ ሁለት እጅ ነጻ እንዲሆን። ቀበቶ አይቶ ለእኔም ሥራልኝ አለ። ስርጉዴ ዛሬ ለጎረቤቶች በሙሉ እኛን በምልክት እንዴት ሰላም እንደሚሉን ስታስተምር ዋለች። አንዱ ሽማግሌ ደህና ዋሉ ሊለኝ ርቦኛል አለኝ። ዳቦ ሰጠሁት።

ሦስት ቀን ቀረ። ብዙ አልጽፍም።

እሑድ 14

ሄደች። ከመነሻው ልጻፈው።

ጠዋት አውቶቡስ መናኸሪያው ሰው በሰው ነበር። ብዙዎቹ እንደ ስርጉዴ ለትምህርት የሚሄዱ ልጆች ናቸው። አውቶቡሱ አዲስ ነው፣ መስኮቱ አይከፈትም። ልጆቹ ከገቡ በኋላ በሩ ተዘጋ፤ ሾፌሩ ግን ወረቀት ሊያስፈርም ሄዶ ቆየ። ያኔ ወላጆቹ ሁሉ መስታወቱን መደብደብ ጀመሩ። አፋቸው ይከፈታል፣ የደም ሥራቸው ይገተራል፤ ከውስጥ ያሉት ልጆች እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አልሰማም ይላሉ።

እኛ ወሬያችንን አላቋረጥንም። መርፌ ስለ አልጋ ልብሱ፣ እኔ ስለ ስልኩ፣ ስርጉዴ ደግሞ አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ገና ሳይነሱ ስንቁን ጨርሶ ሊበላ እንደሆነ። በመስታወቱ በኩል አንዲት ነገር አልጎደለችብንም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ በሰው መሃል ቀጥ ብዬ ቆሜ አላውቅም።

አንዲት ሴት ክንዴን ነካችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ጆሮዬ እንደማይሰማ ገብቷት ነው መሰል ቀስ ብላ ተናገረች፦

«ወንድሜ፣ ከልጅዎ አጠገብ ያለው የኔ ልጅ ነው። የአስም መድኃኒቱን በሻንጣው የውጭ ኪስ ነው የከተትኩት። ሻንጣውን ከላይ ካለው መደርደሪያ እንዲያወርደው ይንገሩልኝ።»

ለስርጉዴ አስተላለፍኩ። ስርጉዴ ወደ ልጁ ዞራ ነገረችው። ልጁ ምግቡን ትቶ ተነሳ፣ ከላይ ሻንጣውን አወረደ፣ ኪሱን ከፈተ፣ መድኃኒቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ አሳያት። የእናቲቱም ልብ ወደ ቦታው ተመለሰ። ልጁ ደግሞ የሚለው ነበረው፤ ስርጉዴ በእጇ ላከችልኝ፣ እኔ በትልቁ ስልክ ጽፌ ለእናቲቱ አሳየሁ፦ «አታልቅሺ፣ ስደርስ እደውላለሁ።» ደጋግማ አነበበችው።

ከዚያ አንድ አባት መጣ። ከዚያ ሁለት እህቶች። ሰልፍ ያዙ። መርፌ ሰዉን ተራ በተራ ታቆም ነበር፣ ስልኩን እየሰጠች የሚሉትን ታስጽፋቸዋለች። የቤት ቁልፍ ይዞ የሄደ ነበረ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ የፈለገ ታላቅ ወንድም ነበረ። ቁልፉ ሾፌሩ ሲመጣ በእሱ እጅ እንዲመለስ ተስማሙ። ይቅርታውም ደረሰ። እኔ በእጄ፣ ልጄ በአፏ። ሁሉም ልጆች ከየወንበራቸው ወደ ስርጉዴ ተሰብስበው ነበር። ሰሚ ሁሉ በእኛ በኩል ነበር የሚያወራው።

ሾፌሩ መጣ። ሞተሩ ሲነሳ ከእግሬ ሥር ተሰማኝ፤ ጤነኛ ሞተር ነው። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ስርጉዴ እጇን ወደ መስታወቱ አነሳች። ለእኔ የምትለው ነበር መሰለኝ። ያኔ ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ልጅ ትከሻዋን ነካቻት፣ በጆሮዋ የሆነ ነገር አለቻት። ስርጉዴ አየችኝ፣ ሳቀች፣ ጉንጯ ተሰረጎደ፤ እጇንም ለዚያች ልጅ ሰጠቻት።

ስለዚህ ልጄ የመጨረሻውን የተናገረችው ለእኔ አልነበረም። ነጭ ነጠላ ለብሰው ከሕዝቡ ኋላ ለቆሙ፣ ሰልፉ ላልደረሳቸው አንዲት አሮጊት ነበር፤ ከልጅ ልጃቸው የተላከ፦ በሩን ሳይቆልፉ እንዳይተኙ፣ እንደምትወዳቸው።

ሄጄ አደረስኩላቸው።